«ስንት ትራስ ደርበው ነው የሚተኙት?» ብላ ለጠየቀችኝ ሲስተር

ይህን ምስጋና ለመጻፍ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ። ቀዶ ሕክምናው በተደረገልኝ ሰሞን ብጽፈው ኖሮ ውጤቱን ሳላይ ማመስገን ይሆንብኝ ነበር። አሁን ዓመቱን ቆጥሬ፣ ደጉንም ክፉውንም አይቼ ስለሆነ የምናገረው ልቤ ሙሉ ነው።

የማመሰግናት ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ታካሚዎችን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ እስከ ዓመታት ክትትል ድረስ የምትይዝ አንዲት ነርስ ናት። ስሟን እንዳልጽፍ አጥብቃ ስለለመነችኝ እኔም እንደ ሌላው ታካሚ ሁሉ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ። የቀዶ ሐኪሜ እጁ ይባረክ፤ እሱን ፊት ለፊት አመስግኜዋለሁ። ለእኔ የሚሆነው ቀዶ ሕክምና የትኛው እንደሆነ እንድለይ የረዳችኝ ግን ሲስተር ናት።

ያኔ ዕድሜዬ 51 ነበር። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 118 ኪሎ። ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቢኤምአይ የሚባለው ልኬቴ 45 ደርሷል። የስኳር በሽታ ከያዘኝ 9 ዓመት ሆኖኛል፤ ጉልበቶቼ ደግሞ ደረጃ ከሩቁ እስክፈራ ድረስ ያሠቃዩኛል። መጀመሪያ የሄድኩበት ሌላ የሕክምና ተቋም ውስጥ ሐኪሙ መዝገቤን አገላብጦ ዐሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ «ስሊቭ እንሠራልሻለን፤ አሁን ሰው ሁሉ የሚያሠራው እሱን ነው» አለኝና ቀን ተቆረጠልኝ። ውሸት አልነገረኝም፤ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው በእርግጥም ስሊቭ የሚባለው፣ ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንሰው ቀዶ ሕክምና ነው። ነገር ግን ስለ እኔ የጠየቀኝ አንድም ነገር አልነበረም። ታናሽ እህቴ «ሌላ ሰው ሳያይሽ አትፈርሚም» ብላ ባትይዘኝ ኖሮ ፈርሜ ነበር።

ሲስተር ፊት በተቀመጥኩ ጊዜ ስለ ኪሎዬ ታወራለች ብዬ ስጠብቅ መዝገቤን ዘግታ «ስንት ትራስ ደርበው ነው የሚተኙት?» አለችኝ። ሦስት አልኳት። ለምን ሦስት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጋደም ስል የሚኮመጥጥ ውኃ እስከ ጉሮሮዬ እየመጣ ያንቀኛል፣ አንዳንድ ሌሊት እያሳለኝ እነሣለሁ አልኳት። ይህንን ለማንም ሐኪም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ወፍራም ሰው እንዲህ ነው የሚተኛው ብዬ ተቀብዬው ኖሬያለሁ። ቀጥላ «እትዬ፣ ቅር ካላለዎት ቦርሳዎ ውስጥ ያሉትን መድኃኒቶች ያሳዩኝ» አለችኝ። የስኳሩን ኪኒን አወጣሁ። «ሌላስ?» ስትለኝ ከታች ያሉትን ሁለት የአይቡፕሮፌን ማሸጊያዎች አወጣሁ፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ የተጋመሰ። ለጉልበቴ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እወስደው ነበር። መድኃኒት ነው ብዬ እንኳ ስለማላስበው ቅጹ ላይ አልሞላሁትም።

ወረቀት ስባ ሦስት ቃል ጻፈች፦ ቃር፣ አይቡፕሮፌን፣ ስኳር። ከሥሩ በእርሳስ ጨጓራ መሳል ጀመረች። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

በስሊቭ የጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ እጅጌ ጠባብና ረጅም ቱቦ ነው፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። አንጀት አይነካም። ግሬሊን የሚባለው ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ ሰውየው የሚበላው ማነሱ ብቻ ሳይሆን ረሃቡም ይቀንሳል። ሥራው አጠር ያለ ነው፤ የቫይታሚን እጥረቱም ባይፓስ ከሚባለው፣ ምግብ አብዛኛውን ጨጓራ ዘልሎ እንዲያልፍ ከሚያደርገው ሌላ ቀዶ ሕክምና ይቀላል። በሌላ በኩል ተቆርጦ የወጣው አይመለስም። ረጅሙ የስፌት መስመርም አልፎ አልፎ ሊያፈስ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቱቦው ጠባብ ስለሆነ በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ አሲዱም ወደ ላይ መውጣት ይቀናዋል። እዚህ ላይ እርሳሷን አቁማ «ሦስቱ ትራሶች» አለችኝ። ያኔ ገባኝ።

ደግሞ በስሜት አልተናገረችም። በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤታቸው የታተመ ሁለት ጥናቶችን አነሣችልኝ፤ አንዱ ከስዊዘርላንድ፣ አንዱ ከፊንላንድ፤ ሁለቱም ሰዎችን በዕጣ ለስሊቭና ለባይፓስ መድበው 5 ዓመት የተከታተሉ ናቸው። በስዊዘርላንዱ ከትርፉ ቢኤምአይ፣ ማለትም ከጤናማው ልክ በላይ ካለው፣ በስሊቭ 61 በመቶ፣ በባይፓስ 68 በመቶ ቀንሷል፤ አጥኚዎቹ ይህንን ትርጉም ያለው ልዩነት ነው አላሉትም። ቃሩ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለያል፦ ቃር ከነበረባቸው ውስጥ የዳኑት በባይፓስ 60 በመቶ፣ በስሊቭ 25 በመቶ ናቸው፤ የባሰባቸው ደግሞ በስሊቭ 32 በመቶ ገደማ፣ በባይፓስ 6 በመቶ። እኔ ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ እያልኩ ስጨነቅ የኖርኩት በማይለያዩበት ነገር ኖሯል።

ባይፓሱን ስታስረዳኝ ከመሳቢያዋ የሽሮፕ መለኪያ ክዳን አወጣች። እስከ 30 ሚሊ ሊትሩ መስመር ውኃ ሞልታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አዲሱ ጨጓራዎ መጀመሪያ ላይ ይህችን ያህላል፤ ይያዟት» አለችኝ። ያዝኳት፤ ዝም ብዬም ለረጅም ጊዜ አየኋት። ስለዚህ ሕክምና ካየሁትና ከሰማሁት ሁሉ እንደዚያች ክዳን እውነቱን የነገረኝ የለም።

በባይፓስ ጨጓራ ከሰውነት አይወጣም። ከላይ ትንሽ ከረጢት ተለይታ ትንሹ አንጀት ተቆርጦ እሷ ላይ ይገጠማል፤ ምግቡ ትልቁን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ዘልሎ ያልፋል። ስኳር ብዙ ጊዜ ክብደቱ ገና ሳይወርድ በቀናት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል፤ ቃርም ይቀንሳል። ጉዳቶቹን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፣ አላለሳለሰችም። ብረት፣ ቢ12፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ዕድሜ ልክ። ጣፋጭ ሲበላ ልብ የሚያስመታ፣ የሚያልብና የሚያዞር ዳምፒንግ የሚባል ነገር። አንጀት በውስጥ ቀዳዳ ሾልኮ የሚታነቅበት፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ የሚችል አደጋ፤ ስለዚህ ድንገተኛ ከባድ የሆድ ቁርጠት ሲመጣ ነገ ይሻለኛል ብሎ መተኛት የለም። የአልኮል መጠጥ ቶሎና በኃይል ወደ ደም ይገባል። የቀረው ትልቁ ጨጓራ ደግሞ ከእንግዲህ በተለመደው ኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባው የካሜራ ምርመራ፣ አይታይም። መጋጠሚያው ላይ የሚወጣው ቁስለት አለ፤ ዋነኞቹ አምጪዎቹ ሲጋራና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው።

ሌሎቹን ፈጠን ብላ አለፈቻቸው። የጨጓራ አናት ላይ የሚታሰረው የሲሊኮን ቀለበት ጨጓራን አይቆርጥም፣ ሊወጣም ይችላል፤ ነገር ግን ስለሚንሸራተትና ጨጓራን ሰርስሮ ስለሚገባ ከብዙዎች ተመልሶ ወጥቷል፤ ዛሬ ጥቂት ናቸው የሚያስገቡት። ዱኦዲናል ስዊች የሚባለው፣ ስሊቭን ረጅም አንጀት ከማዝለል ጋር የሚያጣምረው፣ ከሁሉም በላይ ክብደት ይቀንሳል፣ ስኳርንም በኃይል ይመታል፤ ዋጋው ተደጋጋሚ ቀጭን ተቅማጥ፣ የፕሮቲን እጥረትና የቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ መጉደል ነው። አንድ መጋጠሚያ ብቻ ያለው ባይፓስ ሥራው ያጥራል፤ ሐሞት ወደ ላይ ሊመለስ ስለሚችል ግን ለእኔ ዓይነት ሰው አልመከረችውም። ጨጓራ ውስጥ ገብቶ የሚነፋው ፊኛ ቀዶ ሕክምና አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር በኋላ ይወጣል። በመርፌ የሚወሰዱትን አዳዲስ መድኃኒቶችም አልደበቀችኝም፤ ይሠራሉ፣ ሲቋረጡ ግን ክብደቱ በአብዛኛው ይመለሳል አለችኝ።

እንግዲህ ችግሬ ይህ ነበር። ቃሬ ከስሊቭ ያባርረኛል፤ የጉልበቴ ኪኒን ደግሞ ከባይፓስ። ሲስተር «የምግብ ቧንቧዎን መቀየር አንችልም፤ ኪኒኑን ግን መቀየር እንችል እንደሆነ እንሞክር» አለችኝ። ያለ አይቡፕሮፌን ሁለት ወር እንድኖር፣ በምትኩ ፓራሲታሞልና የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ እንድይዝ ከሐኪሙ ጋር አመቻቸችልኝ። «ካልቻሉ ተመልሰው ይምጡ፤ ያኔ ሌላ እናስባለን። ከፈረሙ በኋላ ሳይሆን አሁን ነው የሚሞከረው» ነበር ያለችው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከበዱኝ፤ ከዚያ ቻልኩት።

በዚያው መሃል ኢንዶስኮፒ ተደረገልኝ። የጨጓራዬ አናት ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በድያፍራሙ፣ ክፍተት ሽቅብ ወጥቶ ተገኘ፤ የምግብ ቧንቧዬ የታችኛው ጫፍ ቆስሏል፤ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውም ባክቴሪያ ነበረብኝና አስቀድሞ በመድኃኒት ታከምኩ። ያንን ሆድ ይዤ ስሊቭ ተሠርቶልኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም ሌሊት ስነቃ አስበዋለሁ።

ሲስተር ለባይፓስ ታደላለች እንዳይባል አንድ ነገር ልጨምር። በመጠበቂያው ክፍል የተዋወቅኳት አንዲት ሴት የመገጣጠሚያ በሽታ ስላለባት እንደ አይቡፕሮፌን ያለውን ፀረ ብግነት መድኃኒቷን ማቆም ከቶ አትችልም፤ ቃር የሚባል ግን አታውቅም። ሲስተር እሷን ከሐኪሟ ጋር ወደ ስሊቭ ነው የመራቻት፤ ዛሬ በጣም ደኅና ናት። ያው ጠረጴዛ፣ ያው እርሳስ፣ ሌላ መልስ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጉበቴ እንዲያንስ ለሁለት ሳምንት ልዩ አመጋገብ ያዝኩ፤ ጨጓራው ያለው ከጉበት ሥር ስለሆነ ትልቅ ጉበት የሐኪሙን መንገድ ይዘጋል። በተሠራልኝ ዕለት ማታ ደም እንዳይረጋብኝ ብላ ክንዴን ይዛ ኮሪደሩን ያስኬደችኝ እሷው ናት፤ የሥራ ሰዓቷ አልቆ ነበር። በአራተኛው ወር ፀጉሬ በእፍኝ ሲረግፍ ደውዬ አለቀስኩባት። አላባበለችኝም። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሚመጣ እንደሆነና አብዛኛውን ጊዜ እንደሚመለስ ነግራኝ፣ በቀን ስንት ግራም ፕሮቲን እንደምወስድ አስቆጠረችኝ። 40 እንኳ አልሞላም፤ ከ60 እንዳያንስ ተነግሮኝ ነበር። ብረቱንና ካልሲየሙንም አንድ ላይ እውጣቸው ነበርና፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንዳለያያቸው የነገረችኝ በዚያው ስልክ ነው።

ዛሬ 81 ኪሎ ነኝ። የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ከ9.1 ወደ 6.0 ወርዷል፤ የስኳር መድኃኒቴም ቆሟል። ሲስተር ግን በዓመታት ውስጥ ሊመለስ ስለሚችል ምርመራውን እንዳላቋርጥ ደጋግማ ታሳስበኛለች። ዳምፒንግ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ጣፋጭ በልቼ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ግድግዳ ተደግፌ ልቤ ሲመታ አዳምጫለሁ፤ የማይረሳ ሕመም ነው። ከምግብ ጋር ውኃ መጠጣት ቀርቷል። እነዚህን ሁሉ አስቀድሜ አውቄ ስለገባሁባቸው አልከፉኝም።

አሁን ወደ ጥቆማዬ። ይህንን ሕክምና የምታስቡ ሁሉ፣ የት እንደሚሠራ ከመጠየቃችሁ በፊት እዚያ ቤት እንደ ሲስተር ያለ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ከቀዶ ሐኪሙ ሌላ ነርስና የሥነ ምግብ ባለሙያ አብረው ያዩኛል ወይ? ከመሠራቴ በፊት ኢንዶስኮፒ አለ ወይ? ከአንድ ዓይነት በላይ ትሠራላችሁ ወይ? አንድ ብቻ የሚሠራ ቤት ያንኑ አንዱን ነው የሚመክራችሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ የደም ምርመራዬን የሚያይልኝ ማን ነው? ቃር፣ የምትወስዱት ኪኒን፣ ሲጋራ፣ ልጅ የመውለድ ሐሳብ፣ አንዱንም ሳይጠይቁ ቀን የሚቆርጡላችሁ ከሆነ ቀኑን አትቀበሉ። በተለይ መውለድ የምታስቡ እህቶች፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር መጠበቅ እንደሚመከርና ከባይፓስ በኋላ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ እንደ ድሮው ላይሠራ እንደሚችል ማወቅ አለባችሁ። እኔ ዕድሜው አልፎኛል፤ ሲስተር ግን ከእኔ በፊት የነበረችውን ወጣት ይህንኑ ስትጠይቃት በር ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ።

ሲስተር፣ ይህንን እንደምታነቢው አውቃለሁ። የፊታችን ማክሰኞ የዓመቱ ምርመራዬ ነው፤ ደም የሚቀዳልኝ ጠዋት ነውና ቀደም ብዬ እመጣለሁ። አሁን የምተኛው በአንድ ትራስ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።