የቆዳ ኮርቻ ከወራት አጠቃቀም በኋላ፦ ከልስላሴው ይልቅ ልኩ

ይህ ግምገማ ስፖንጅም ጄልም የሌለበትን፣ አንድ ወፍራም ቆዳ ብቻ ከፊትና ከኋላ በሪቬት (በተቀጠቀጠ የብረት ችንካር) ተይዞ ብረት ላይ የተወጠረበትን የብስክሌት ኮርቻ ይመለከታል። አሠራሩ የቆየ ነው፤ የእንግሊዙ ብሩክስ ቢ17 የሚባለውን ሞዴል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ የተገመገመው ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው፣ ከኋላ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝን ኮርቻ ነው። የተገጠመው መሪው ከኮርቻው ትንሽ ከፍ ባለ የዕለት ተዕለት ብስክሌት ላይ ነው።

ኮርቻው በጣም ምቹ ነው። ምቾቱ የመጣው ግን ቆዳ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን ስፋቱ ከተቀማጩ አጥንት ጋር ስለገጠመ ነው።

ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ኮርቻውን በአውራ ጣት መጫን ነው፤ ይህ አሳሳች ፈተና ነው። ብስክሌት ላይ ክብደታችንን መሸከም ያለባቸው መቀመጫችን ሥር ያሉት ሁለት አጥንቶች ናቸው። የስፖንጅ ኮርቻ ከልክ በላይ ሲለሰልስ አጥንቶቹ ይሰምጣሉ፣ መሃሉ ወደ ላይ ይነሳል፣ ጫናውም ነርቭና የደም ሥር ወዳለበት ለስላሳ ሥጋ ይዞራል። መደንዘዝ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ልኩን ለማወቅ ካርቶን ጠንካራ ወንበር ላይ ያንጥፉ፣ ስስ ልብስ ለብሰው ይቀመጡበት፣ ትንሽ ጎንበስ ብለው ተረከዝዎን ያንሱ። ሲነሱ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ይቀራሉ፤ ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ይለኩ። አጎንብሶ የሚነዳ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምርበት፣ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ 3 ወይም ከዚያ በላይ። የቆዳ ኮርቻ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ የኋላው ጠርዝ ሥር ብረት ስላለ የሚያገለግለው ስፋት ከተጻፈው ያነሰ ነው። አጥንትዎ ብረቱ ላይ ካረፈ ቆዳው ምንም ያህል ቢላመድ ለውጥ የለውም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠንካራ ናቸው። ቀስ በቀስ አጥንቶቹ በሚያርፉበት ቦታ ሁለት ጠቆር ያሉ፣ የሚያብረቀርቁ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ይወጣሉ፤ ኮርቻው የባለቤቱን ቅርጽ መያዙ የሚታወቀው በእነሱ ነው። ይህን ለማፋጠን ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ መዘፍዘፍ ቆዳውን ይገድለዋል፤ ይረግባል፣ ጎንና ጎኑ ወደ ውጭ ይከፈትና ጭን ይልጣል። የሚበቃው ሰም ያለበት የቆዳ ቅባት በስሱ፣ በተለይ ከሥር በኩል ቀብቶ ማሳደርና ጠዋት መወልወል ነው፤ ከዚያ በኋላ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይደገማል። በመጀመሪያው ሰሞን ነጣ ያለ ሱሪ አይልበሱ፣ ቀለም ይለቃል።

አብዛኛው ቅሬታ የሚነሳው ግን ከአገጣጠም ነው። ከፍታውን ለማግኘት ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ሲነዱ ዳሌዎ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ኮርቻው ረዝሟል፤ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያድርጉት። ይህ ውዝዋዜ ቆዳ ይልጣል፣ ጥፋቱም በኮርቻው ይሳበባል። ዘንበል ማለቱን በውኃ ልክ ይዩ። የተወጠረ ቆዳ መሃሉ ስለሚረግብ አፍንጫው፣ ማለትም ጠባቡ የፊት ጫፉ፣ በጣም ጥቂት ቀና ቢል ይሻላል። እጅ አንጓዎ ከደከመና ወደ ፊት የሚንሸራተቱ ከሆነ አፍንጫው አጎንብሷል፤ ከፊት ከተጫነዎት ደግሞ ቀና ማለቱ በዝቷል። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ይቀይሩና ነድተው ይፍረዱ፣ አለበለዚያ የትኛው እንደረዳዎት አይታወቅም። ሥሩ ያሉት ብረቶች ቀጥ ያለ ክፍላቸው አጭር ስለሆነ ኮርቻውን ወደ ኋላ ብዙ መግፋት አይቻልም፤ ያ ካስፈለገ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ የወጣ የኮርቻ ቱቦ ይገዛል።

አፍንጫው ሥር ያለው መወጠሪያ ብሎን የሚነካው ቆዳው በግልጽ ሲረግብ ብቻ ነው፤ ሩብ ዙር ይበቃል። አብዝቶ መወጠር ቆዳውን ከሪቬቱ ዙሪያ ይቀደዋል።

ዝናብ ዋነኛው ጠላቱ ነው። ከላይ ሽፋን ቢያለብሱትም ፓራፋንጎ ከሌለ ጎማው ውኃውን ከሥር ይረጨዋል። የራሰ ቆዳ ላይ ተቀምጦ መንዳት ቅርጹን ያበላሻል። ጥላ ውስጥ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ ይድረቅ፤ እርጥብ ሆኖ በላስቲክ ተሸፍኖ ከዋለ ይሻግታል። ኮርቻው ሲጮህ ደግሞ መጀመሪያ ከቱቦው ጋር የሚያያይዘውን መያዣ ይፍቱ፣ ብረቶቹን ይወልውሉ፣ ስስ ግራሶ ነክተው መልሰው ያጥብቁ።

ብስክሌቱ ውጭ የሚያድር ከሆነ ይህን ኮርቻ አልመክርም። መሪው በጣም ዝቅ ብሎ ለሚነዳም ሰፊና ከባድ ነው። ከፍታውና ዘንበል ማለቱ ተስተካክሎ መደንዘዙ ከቀጠለ ግን ቆዳው እስኪላመድ አይጠብቁ፤ መሃሉ ክፍት የሆነውን ዓይነት ይሞክሩ።