ኤርብረሼን ላዳኑልኝ ባለሙያ ምስጋና፣ ሞዴል ለምትቀቡም ጥቆማ

ሞዴል፣ ማለትም የመኪና፣ የአውሮፕላንና የመሳሰሉትን ትንንሽ ቅጂዎች የምትቀቡ ወዳጆቼ፣ ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። ኤርብረሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር ግፊት የሚረጨውን ትንሽ የእጅ መሣሪያ፣ የሚያጸዱና የሚጠግኑ ባለሙያ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ አይፈልጉም። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያገለገለ ኤርብረሽ ገዝቼ ነበር። ዕቃው ጥሩ ነው። ቃታውን ወደ ታች ሲጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም የሚሰጥ ዓይነት ነው፤ ኖዝሉ (ቀለሙ የሚወጣበት ቀጭን አፍ) 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ችግሩ ቀለሙን እየቆራረጠ ይተፋል። ቀጭን መስመር ላወጣ ስሞክር ወደ አንድ ጎን ይረጫል። ጽዋው ውስጥ ያለው ቀለምም ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ያማከርኳቸው ሰዎች ሁሉ «ተወው፣ አዲስ ግዛ» ነበር ያሉኝ።

ጋሼ ግን ገና ሳይፈቱት ጥያቄ ጀመሩ። «ልጄ፣ ቀለምህ ምን ዓይነት ነው? በምን ታቀጥነዋለህ? ግፊቱንስ ስንት ላይ ታደርገዋለህ?» አክሪሊክ እንደሆነና 20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ እንደምጠቀም ነገርኳቸው። ጽዋው ላይ ንጹህ ውሃ ጨምረው ረጩ። አረፋው መጣ። «አየሩ ወደ ፊት መውጣት ሲገባው ወደ ጽዋው እየተመለሰ ነው» አሉኝ። «ወይ ኖዝሉ ተደፍኗል፣ ወይ መቀመጫው ላይ በደንብ አልገጠመም፣ ወይ ተሰንጥቋል።» ሦስቱን አንድ በአንድ ሊያዩ ተቀመጡ። አጠገባቸው ወንበር ስበው እኔንም አስቀመጡኝ።

መጀመሪያ በኤርብረሹ መሃል አልፎ እስከ ኖዝሉ የሚደርሰውን መርፌ አላልተው ወደ ኋላ ሳቡት። ኖዝሉን የፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። መርፌው ውስጥ እያለ ኖዝሉ ቢነካካ ሁለቱም ሊጎዱ ይችላሉ። ኖዝሉን በትንሿ ቁልፍ ሲፈቱት በሁለት ጣት ብቻ ነበር የያዟት። ኖዝሉ የሚጠመዘዝበት ጥርስ በጣም ስስ ስለሆነ ጠንከር አድርጎ ያጠበቀ ሰው ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ክፍል አካሉ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ማውጣቱ ሌላ ፈተና ነው።

ኖዝሉ ውስጥ የደረቀ ቀለም ተጋግሮ ነበር። እሱን ብቻ ማጽጃ ውስጥ ዘፈዘፉት። ሙሉውን ኤርብረሽ መዘፍዘፍ ፈጽሞ አይወዱም፤ ልክ ናቸው። ኃይለኛ ቲነር የውስጡን የጎማ ቀለበቶች ያሳብጣል፣ ቅባቱንም አጥቦ ይወስዳል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ደግሞ ብዙ ከቆየ ነሐሱን ይበላዋል። ቀለሙ ሲለሰልስ በቀጭን ለስላሳ ብሩሽ አወጡት። በማጉያ መነጽር አዩት። አልተሰነጠቀም። እኔ በደስታ ልዘል ነበር፣ እሳቸው ግን ወደ መርፌው ዞሩ።

ወደ ጎን የሚረጨው በመርፌው ምክንያት ነበር። ጫፉ በዓይን የማይታይ መታጠፍ ነበረው። ጥፍራቸው ላይ በቀስታ ሲስቡት ያዝ አደረጋቸው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ እያንከባለሉ አቀኑት። ከዚያ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መርፌውን እያሽከረከሩ ወደ ጫፉ አቅጣጫ ብቻ አሹት። በብረት ማጥሪያ ክሬም ጨረሱት። ይህን ሥራ ሲሠሩ ማየት ደስ ይላል። ችኮላ የሚባል ነገር የለባቸውም።

ሲገጥሙ ኖዝሉና ክዳኖቹ ቀደሙ፣ መርፌው በመጨረሻ ገባ። ከኋላ ቀስ ብሎ ገብቶ ሲነካ አቆሙ። ገፍቶ ማስገባት የኖዝሉን አፍ ያሰፋዋል፤ አንዴ ከሰፋ ደግሞ መድኃኒቱ አዲስ ኖዝል ነው። ቅባት ያደረጉት ለኤርብረሽ የተሠራውን ነው፤ እሱንም ከመርፌው ኋላ በኩል ትንሽ ብቻ። ጫፉ አካባቢ ቅባት ከበዛ ከቀለሙ ጋር ተቀላቅሎ ሥራውን ያበላሸዋል።

አሁን 15 ፒኤስአይ ላይ የምፈልገውን ቀጭን መስመር ያወጣልኛል። አረፋው ጠፍቷል። እኔን በጣም የነካኝ ግን ሙያቸውን አለመሸሸጋቸው ነው። ቀለም ስቀይር ጽዋውን ባዶ አድርጌ፣ ማጽጃ ጨምሬ፣ የሚወጣው ንጹህ እስኪሆን እንድረጭ አሳዩኝ። አክሪሊክ እየሠራን እያለ መርፌው ጫፍ ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ በየመሃሉ በማጽጃ በራሰ ጥጥ መጥረግ ያስፈልጋል። ሥራ ሲያልቅ መርፌውን አውጥቶ መጥረግ። ሁሉንም ነገር በየቀኑ መፈታታት ግን አያስፈልግም፤ ጥርሶቹንና ቀለበቶቹን ያለ ጊዜያቸው ይጨርሳቸዋል። ማጽጃውን ስንረጭም ወደ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ፣ መስኮት ከፍተን፣ ትክክለኛ ጭምብል አድርገን ነው። ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን ቢሆንም የተረጨው ብናኝ ሳንባ ይገባል። ይህንን አጥብቀው ነው የነገሩኝ።

ሐቀኝነታቸውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። እኔ እያለሁ ኖዝሉ የተሰነጠቀበት ሰው መጥቶ ነበር። «ይህ አይጠገንም፣ ከመርፌህ ልክ ጋር የሚገጥም አዲስ ፈልግ» ብለው በግልጽ ነገሩት። የማይሆነውን ይሆናል ብለው አይቀበሉም።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እሳቸው ጋ የምትሄዱ፣ ከኤርብረሹ ጋር የመጣችውን ትንሿን ቁልፍና ትርፍ ኖዝል ካላችሁ ያዙ። የምትጠቀሙትን የቀለም ዓይነትና ማቅጠኛውን ንገሯቸው። ከመሄዳችሁ በፊት በፒንሳ ለመፍታት አትሞክሩ፤ እንዳለ ውሰዱላቸው። አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ ስለማይጀምሩ ቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ።