ለልጄ የስክራች መምህርት ምስጋና፣ ለባሕር ዳር ወላጆችም ጥቆማ

በሽምብጥ አካባቢ በመኖሪያ ቤታቸው ለጀማሪ ልጆች ስክራችን፣ ማለትም ልጆች ራሳቸው ጨዋታና ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚሠሩበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የሚያስተምሩ አንዲት መምህርት አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ ባልጠቅሳቸውም፣ ለ11 ዓመቷ ልጄ የዋሉላትን ውለታ በዝምታ ማለፍ አልፈለግሁም።

ልጄ ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ተመዝግባ የኮምፒውተር ክፍሎችን ስም በደብተር ስትገለብጥ ከርማ «ኮምፒውተር አልወድም» ብላኝ ነበር። ስክራች እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው ማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሕዝብ የቀረበ ነጻ ፕሮግራም ሲሆን፣ ትዕዛዝ የሚሰጠው በቀለም የተለዩ ብሎኮችን እየጎተቱ በመገጣጠም ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሳየው ከጨዋታ አልለየሁትም።

ልጄ የመረጠችው ሥራ ጣና ላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ታንኳና ሲነኩት የሚበር ፔሊካን ነበር። ታንኳው የስክሪኑ ዳር ደርሶ ሲመለስ ግን ተገልብጦ፣ ቀዛፊውም በአናቱ ተዘቅዝቆ መጣ። መምህርቷ ማውሱን ተቀብለው የሚያስተካክሉላት መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን እጃቸውን እንኳ ሳይዘረጉ «ዳር ሲደርስ ምን እንዲያደርግ ነው ያዘዝሽው?» ብለው ጠየቋት። ተመለስ እንጂ እንዴት እንደሚዞር እንዳልነገረችው የገባት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ ከሰማያዊዎቹ የእንቅስቃሴ ብሎኮች መካከል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ እንዲዞር የሚያደርገውን ራሷ ፈልጋ አገኘች። እኔ ብሆን ግማሽ ሰዓት አልታገሥም ነበር። የፔሊካኑም ሁለት ሥዕሎች ያለ ፋታ ስለሚቀያየሩ ይንቀጠቀጥ እንጂ አይበርም ነበር፤ በመካከላቸው 0.1 ሰከንድ የሚያስጠብቅ ብሎክ ስታስገባ ክንፉን ማርገብገብ ጀመረ።

ብሎኮቹን በአማርኛ ማድረግ ስለሚቻል መምህርቷ የሚጀምሩት በአማርኛ ነው። እንግሊዝኛው ይሻላታል ብዬ ተከራክሬያቸው ነበር፤ ተሳስቻለሁ፤ ልጄ የቃል ትርጉም መጠየቅ ትታ ስለ ሥራው መጠየቅ የጀመረችው በዚሁ ምክንያት ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ቅጂ ስለሚጭኑላቸውም ኔትወርክ ሲጠፋ ትምህርቱ አይቋረጥም።

ክፍሉ ጠባብ በመሆኑ በአንድ ጊዜ ከአራት ልጆች በላይ አይቀበሉም፤ ላፕቶፕም ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ልጁን ማስመዝገብ የሚፈልግ ወላጅ በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ። የቅዳሜ ከሰዓቱ ሞልቷል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ቦታ እንዳላቸው ነግረውኛል።