ለዘገየ ተማሪ፦ በር መዝጋት ወይስ አስገብቶ መመዝገብ?

የጠዋቱ ሰልፍ አልቆ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ለሚደርስ ልጅ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ።

አንዱ በር መዝጋት ነው። ጥቅሙ አይካድም፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አይቆራረጥም፣ ወላጅም ደንቡን ፈጥኖ ይለምዳል። ግን የ7 ዓመት ልጅ ራሱን ከእንቅልፍ አይቀሰቅስም፣ ታክሲም አይዝም። ያዘገየው ወላጁ ነው፣ ወይም በዝናብ ቀን የረዘመው የታክሲ ሰልፍ፤ ቅጣቱን የሚቀበለው ግን ልጁ። ወላጁ በር ላይ አድርሶት ወደ ሥራ ከሮጠ ደግሞ ልጁ አስፋልት ዳር ብቻውን ይቀራል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ሁለተኛው አስገብቶ መመዝገብ ነው። ስሙና የደረሰበት ሰዓት ይጻፋል፣ በመገናኛ ደብተሩ ለቤተሰብ መልእክት ይላካል፣ ሲደጋገም ወላጅ ይጠራል። ሥራው ይበዛል፤ መዝጋቢው ከሰለቸም ደንቡ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሆኖም ተጠያቂነቱ ለሚመለከተው ሰው ይደርሳል፣ ልጁም ከትምህርቱ አይቀርም።

ማንበርከክና አለንጋ በሁለቱም ቦታ የላቸውም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉት ሁለተኛውን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ ሆነው ከቅርብ ሰፈር በእግራቸው የሚመጡት፣ ያመለጣቸውን ትምህርት በእረፍት ሰዓት ቢገለብጡ ተገቢ ይመስለኛል። በሩ ግን ለእነሱም ይከፈት።