ባለሦስት ቀበቶው የውሻ ማሰሪያ፦ አራት ወር ከዳማ ጋር

ዳማን ከመጠለያ ካመጣኋት አራት ወር ሆናት። ጎዳና ላይ የኖረች፣ ስትመጣ 14 ኪሎ እንኳን የማትሞላ ቡናማ ውሻ ናት። ስለ እሷ ማውራት ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም፤ ዛሬ ግን ወሬዬ ስለ ማሰሪያዋ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁላት ተራ የአንገት ማሰሪያ ነበር። ቀይ። (በኋላ ነው ያወቅኩት፣ ውሻ ቀይ ቀለምን አጥርቶ አያይም። ለማን እንደመረጥኩት እንጃ።) በአምስተኛው ቀን በሩ አጠገብ ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ዳማ ወደ ፊት አልሮጠችም። ጆሮዋን አጣብቃ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ማሰሪያው በጭንቅላቷ በኩል ሹልክ አለና እጄ ላይ የቀረው ባዶ ገመድ ሆነ። ደግነቱ የግቢው በር ዝግ ነበር። ጉልበቴ ግን ከድቶኝ እዚያው ቁጭ አልኩ።

የፈራ ውሻ ወደ ኋላ ነው የሚያመልጠው። በደረት የሚታሰረው የተለመደው ዓይነትም ሁልጊዜ አያስቆመውም። እሱ አንድ ቀበቶ አንገት ላይ፣ አንድ ደግሞ ከፊት እግሮች ኋላ አለው። ውሻው ሲያፈገፍግ ትከሻውን ያጥፋል፣ እኛ ደግሞ ገመዱን ስንስብ ሹራብ እንደሚወልቅ በጭንቅላቱ በኩል ይወልቃል። እኔ የገዛሁት ሦስተኛ ቀበቶ አለው፤ እሱ ከጎድን አጥንቶቹ ኋላ፣ ወገቡ ላይ ያርፋል። ደረት ከወገብ ይሰፋል፣ ስለዚህ ቀበቶው ወደ ፊት ሊያልፍ አይችልም። ሌላ ተአምር የለውም። ሳሎን ውስጥ ሆን ብዬ ጃንጥላ ዘረጋሁባት (ይቅር ትበለኝ)፣ እንደ እባብ ተጠማዘዘች፣ ማሰሪያው ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

አሁን ወደ ስሞታዬ ልሂድ። ዘለበቱ ሲዘጋ «ቀጭ!» ይላል። ለእኔ ምንም አይደለም፣ ለዳማ ግን የጠብመንጃ ድምፅ ነው። የመጀመሪያ ቀን አልጋ ሥር ገብታ ለመውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ከዚያ በኋላ ለአሥር ቀን ማሰሪያውን ከምግብ ሳህኗ አጠገብ ብቻ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሥጋ በቀዳዳው በኩል አቀበልኳት፣ አፍንጫዋን አሾልካ ወሰደች። ዘለበቱን ደግሞ በካልሲ ጠቅልዬ፣ በጭብጤ ውስጥ ቀስ አድርጌ መዝጋት ለመድኩ። ድምፅ የለም፣ ሽሽት የለም።

የመጠለያው ልጆች «3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር» ብለውኝ ነበር። 3 ቀን ለመረጋጋት፣ 3 ሳምንት የቤቱን ደንብ ለመልመድ፣ 3 ወር ቤቴ ነው ለማለት። እውነቴን ነው፣ እኔ ግን ቸኩዬ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ባታስሯት ይሻላል፤ ግቢ ካላችሁ ግቢው ይበቃታል።

ልኩን በኪሎ አትምረጡ። እኔ የሻጩን ሠንጠረዥ አምኜ አንድ ቁጥር የጠበበ አዝዤ መለስኩት። በሜትር፣ ከፊት እግሮቿ ኋላ ደረቷን ለኩ፤ የዳማ 58 ሴንቲሜትር ነበር። ከታሰረ በኋላ በቀበቶውና በገላዋ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ከስታ የመጣች ውሻ ደግሞ ትወፍራለች! አሁን 17 ኪሎ ናት፣ ሦስት ጊዜ አላልቼላታለሁ። እንዲያውም ቀበቶዎቹ በአጠቃቀም ብዛት ራሳቸው ይላላሉ፣ በየሳምንቱ ማየት ግድ ነው። ብብቷ ሥር ያለው ለስላሳ ጨርቅ ዝናብ ሲነካው ቶሎ አይደርቅም፣ ሽታውም አይጣል ነው።

ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በዘለበቱ አይደለም፣ በጭንቅላት በኩል የሚጠለቅ በመሆኑ ነው። ጎዳና ያሳደጋት ውሻ ከላይ የሚመጣባትን ነገር ሁሉ እንደ ምት ነው የምታየው። አንገቱ ላይም የሚከፈት ዓይነት አለ፣ ቀጣዩን ስገዛ የምወስደው እሱን ነው።

ይኸኛው ግን ከምስማሩ ሳወርደው ዳማ ራሷ ጭንቅላቷን ታስገባለች። ካልሲውን አሁንም አልተውኩትም።