ለአኒቨርሰሪ በትንሽ ብር፦ ጎንደር ከተማ፣ ጎርጎራ ወይስ ስሜን?

ጎንደር ላይ ሠርግ የሚበዛው በጥር ነው። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለችውን አጭር ጊዜ ሁሉም ይሻማታል። ስለዚህ የብዙ ባልና ሚስት የጋብቻ በዓልም እዚያው ላይ ይውላል። በዚያው ሰሞን ደግሞ ለጥምቀት ከየአገሩ እንግዳ ይጎርፋል፤ የአልጋ ዋጋ ይሰቀላል፤ አንዳንዴም በገንዘብ የሚገኝ ክፍል ይጠፋል።

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ እንግዲህ ከቦታው በፊት ቀኑን ምረጡ። ከከተራ ዋዜማ እስከ ቃና ዘገሊላ ማግስት ድረስ ከተማው ውስጥ አልጋ አትፈልጉ። በዓላችሁን ሳምንት ብታዘገዩት ምንም አይጎድልበትም። ርካሽ ቦታ ከመፈለግ ይልቅ ቀን መግፋት የበለጠ ብር ያተርፋል ብዬ አምናለሁ። ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ የተጋባችሁ ከዚህ ሁሉ ግርግር ነጻ ናችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ከከተማ የምትወጡ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮችን ጠይቁ። የሰሞኑን ነገር ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቀብድ ከዚያ በኋላ ይከፈላል።

ጎንደር ከተማ

ትልቁ ጥቅሙ ትራንስፖርት የባጃጅ ብቻ መሆኑ ነው። ብራችሁ በሙሉ ለክፍልና ለእራት ይውላል። ብዙ የጎንደር ሰው ፋሲል ግንብን የሚያውቀው ተማሪ ሆኖ በመምህር ተነድቶ ነው። ለሁለት፣ ቀስ ብሎ ማየት ሌላ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆሩት ግቢ፣ ከዚያ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቁስቋም። ይህ አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ ለአገር ሰው የመግቢያው ዋጋም ከውጭ ቱሪስቱ ያነሰ ነው።

ለማደሪያ ፒያሳ አካባቢ ንጹሕ ፔንሲዮን ያዙ። ጀምበር ስትጠልቅ ግን ጎሃ ተራራ ላይ ወዳለው ሆቴል ውጡ። ከላይ ሆኖ ከተማውን ለማየት እዚያ ማደር አያስፈልግም፤ ሻይ ወይም ቢራ አዝዞ መቀመጥ ይበቃል።

ድክመቱን ልናገር። ቤታችሁ አጠገብ ናችሁ። ስልክ ይደወላል፣ ዘመድ መንገድ ላይ ያገኛችኋል፣ ለቅሶ ከተሰማ ደግሞ መቅረት የለም። ሁለት ቀን ለብቻ መሆን ለምትፈልጉ ከተማው ያን አይሰጣችሁም።

ጎርጎራ

ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። በአዘዞ ወጥታችሁ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ጣና ዳር ትደርሳላችሁ። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሄዳችሁ መንገዱ ኪስ አይጎዳም። ኮንትራት መኪና ከያዛችሁ ግን ያጠራቀማችሁት ገና ሐይቁን ሳታዩ ይጋመሳል።

ለእኔ ከሦስቱ ለባልና ሚስት የሚሆነው ይህ ነው። ወሬ የሚያስወራ ቦታ ነው። ትኩስ ቆሮሶ ይበላል፣ ደንገል ታንኳ ሲያልፍ ይታያል፣ ደብረ ሲና ማርያም ገብቶ የጥንቱን ሥዕል ማየት ይቻላል። ቀኑን የሚሞላ ፕሮግራም የለም፤ ደግሞም አያስፈልግም።

ገንዘብ የሚፈሰው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ጀልባ ነው። ሒሳቡ በሰው ሳይሆን በጀልባ ስለሆነ ለሁለት ብቻ ስትይዙ ይከብዳል። ሌሎች ጎብኚዎች ካሉ ተዳብላችሁ ውጡ፤ ዋጋውንም ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ሁለተኛው ማደሪያው ነው። በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት አለ፤ ቀለል ያለ አልጋም አለ። አቅም የሚፈቅደው አንዱን ብቻ ከሆነ፣ ሁለት ሌሊት በማይመች አልጋ ከማደር አንድ ሌሊት ደኅና ቦታ ማደርን እመርጣለሁ። በዓል ነውና።

ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ብትሄዱ ጥሩ ነው። የቅዳሜና እሑዱ ሰው ይቀንሳል፤ በጾም ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን ታመልጣላችሁ። ጎርጎራ ባለበት በደንቢያ፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ ወባ አለ። አጎበር መኖሩን ሳትጠይቁ አልጋ አትያዙ።

ስሜን ተራሮች

ውበቱን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ጭላዳ በመንጋ ሳር ሲነጭ ከጎኑ ትቀመጣላችሁ። ዕድል ከቀናችሁ ዋልያም ታያላችሁ።

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሚኒባስ መድረስ ቀላል ነው። ወጪው የሚከብደው ከደባርቅ በኋላ ነው። መኪና፣ አስጎብኚና ስካውት (የታጠቀ የፓርክ አጃቢ) ያስፈልጋል፤ እነዚህ ደግሞ ሁለት ሁናችሁም አራት ሁናችሁም ክፍያቸው ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ስሜንን ለሁለት ብቻ በትንሽ ብር ማሰብ አይመከርም። ሌላ ባልና ሚስት ፈልጉና ተካፈሉት። ማታ ደባርቅ ርካሽ ሆቴል አድሮ፣ ጠዋት ፓርኩ ውስጥ እስካለው የሳንካበር ካምፕ ደርሶ መመለስ ለበጀት ይሻላል።

ሳንካበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ ያዙ። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች አስቀድማ ሐኪም ታማክር። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጉሙ ገደሉን ይሸፍነዋል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ምርጥ ነው።

ስሜን ካልተቻለ ኮሶዬ አለ። በዚሁ በደባርቅ መንገድ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል፤ ከአፋፉ የሚታየው ቆላ ልብ ያሰፋል።

ባሕር ዳርን ከነጭራሹ ያልጨመርኩት 180 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ላለው ሰው ሲሄድና ሲመለስ ያልቃል።

ለማን የትኛው?

እቁብ ገና ካልደረሳችሁ ጎንደር። ልጆች ካሏችሁና አያት አንድ ሌሊት ብቻ የምትይዝላችሁ ከሆነ ጎርጎራ፣ ያለ ጥርጥር። ልጅ የሌላችሁ፣ እግራችሁ የጠናና የሚካፈል ጓደኛ ያላችሁ ስሜን።

አልጋ ስትይዙ በስልክ የምትጠይቁት፦ ዋጋው ቫትንና ሰርቪስ ቻርጅን ይጨምራል ወይ? ቁርስ ለሁለት ነው ለአንድ? ሙቅ ውኃው መብራት ሲጠፋም አለ? መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይዛወራል? የመጨረሻውን መልስ በቴሌግራም ጽፈው እንዲልኩላችሁ አድርጉ፤ ብሩን በቴሌብር የምትልኩት መልእክቱ ከገባላችሁ በኋላ ነው።