«ስምንቱም ቫልቭ ተቀይሯል» ሲሏችሁ አሮጌዎቹን ጠይቁ

ይህን የምጽፈው ለሞተር ጥገና ከፍዬ መኪናዬ እንደገና ከቆመ በኋላ ነው። ጋራዡን በስሙ አልጠራም፤ በየሰፈሩ ብዙ ወንድሞች አሉት።

መኪናዬ ዶልፊን የምንለው ቶዮታ ሃያስ ሚኒባስ ነው፤ ሞተሩ 5ኤል፣ ናፍጣ፣ አራት ሲሊንደር፣ ስምንት ቫልቭ (አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ በሮች)። ቢሾፍቱን አልፌ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ድንገት ጸጥ አለ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (የማስነሻ ሞተሩ) እንደ ወትሮው አልከበደውም፤ ባዶ በርሜል የሚያሽከረክር ይመስል ቀለለው። የዚያ ቅለት ትርጉም የታይሚንግ ቺንጋ መበጠሱና እመቃ (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ኃይል) መጥፋቱ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን አምስት ጊዜ ደጋግሜ አስነሣሁ። እናንተ አንዴም አትድገሙ፤ እያንዳንዱ ሙከራ ፒስተኑን እንደገና ከቫልቩ ጋር ያጋጨዋል።

ቺንጋው ክራንኩን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ ከካሙና ከናፍጣ ፓምፑ ጋር ያስተሳስራል፤ ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ይዞራል። በናፍጣ ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው (ቫልቮቹ ከተቀመጡበት የሞተሩ ክዳን) ጋር የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ካሙ ባለበት ይቆማል፤ ተከፍቶ የነበረው ቫልቭ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ፒስተኑ መጥቶ ያጎብጠዋል። ቺንጋ ቢበጠስም ቫልቭ የማይነካባቸው የቤንዚን ሞተሮች አሉ፤ በድሮዎቹ ኮሮላዎች የምናውቀው 4ኤ-ኤፍኢ አንዱ ነው። የናፍጣ መኪና ይዛችሁ «ቺንጋ ብቻ እንቀይርልዎ» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

የእኔው መካኒክ እንዲህ አላለም፤ ከዚህ ይልቅ ብልህ ነበር። ቴስታታውን አወረደና «ስምንቱም ቫልቭ ጎብጧል» አለኝ። ቫልቭ፣ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር የሚገባ ማሸጊያ)፣ ቺንጋ፣ መወጠሪያ፣ የእጅ ዋጋ፣ በድምሩ 46 ሺህ ብር ብሎ በደብተር ወረቀት ጻፈልኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ጋሼ፣ በደረሰኝ ከሆነ ቫት ይጨመራል» አለኝ። እኔም 15 በመቶ ያተረፍኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በአራተኛው ቀን ተጠርቼ ስሄድ ሞተሩ እንደ አዲስ ይሠራ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቃሊቲ አጠገብ ብረት በብረት ሲመታ ሰማሁ፤ ሞተሩም ቆመ። ሌላ ጋራዥ ወስጄው ሞተሩ ተከፍቶ ሲታይ የአንዱ ቫልቭ ጭንቅላት ከግንዱ ተቆርጦ ፒስተኑን በስቶታል፤ ቴስታታውም ተሰንጥቋል። አዲሱ ባለሙያ ቀሪዎቹን ሰባት አውጥቶ ጫፋቸውን አሳየኝ። አዲስ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸው። አምስቱ ጫፋቸው በሥራ ብዛት የተበላ የራሴው አሮጌ ቫልቮች ናቸው፤ ቶርኖ ቤት ተቃንተውና ተወልውለው ተመልሰዋል። አንዱን መስታወት ላይ ሲያንከባልለው እንደ አንካሳ ሰው እየተንገዳገደ ሄደ። አንድ ጊዜ የጎበጠ ቫልቭ ተቃንቶ ቢመለስም ብረቱ ደክሟል፤ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ሲከፈትና ሲዘጋ ከደከመበት ቦታ ይቆረጣል።

ስለዚህ ቴስታታው ሲወርድ ቁሙ። አሮጌውን ዕቃ ሁሉ፣ የጎበጠውን ቫልቭ ጭምር፣ በከረጢት ተረከቡ፤ የሚከለክላችሁ ካለ ምክንያቱ ከረጢቱ ውስጥ ነው። ከተቻለ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ። የዚህ ሞተር ጓርኒሲዮን ቢ፣ ዲ እና ኤፍ በሚሉ ምልክቶች በውፍረት ይለያያል፤ የሚመረጠውም ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ የሚወጣበት መጠን ተለክቶ ነው እንጂ ሱቅ ውስጥ የተገኘው ተነሥቶ አይደለም። ቺንጋውን ዘይት እንዳያበላሸው ኦይል ሲሎቹ (የዘይት ማገጃ ጎማዎቹ) አብረው ይቀየሩ። ሞተሪኖው ከመነካቱ በፊትም መካኒኩ ክራንኩን በብሎን መፍቻ ሁለት ሙሉ ዙር በእጁ አዙሮ የክራንኩና የካሙ ምልክቶች መገጣጠማቸውን ያሳያችሁ። ሲያልቅ የአራቱም ሲሊንደር እመቃ ይለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ በብዙ ዝቅ ካለ ገንዘቡን አትክፈሉ።

«ከዚህ ሁሉ ያገለገለ ሞተር እናስገባልዎ» የሚልም አይጠፋም። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ እንደተጻፈ አትርሱ። የጉምሩክ ወረቀት የሌለው ሞተር ዛሬ ርካሽ ነው፤ ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ ግን ጣጣ ያመጣል።

ቺንጋው ለምን ተበጠሰ ካላችሁ፣ መኪናውን ስገዛ ሻጩ «በቅርቡ ተቀይሯል» ብሎኝ ነበር። በእነዚህ የቶዮታ ናፍጣዎች ዳሽቦርድ ላይ የቺንጋው መብራት በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይበራል። ቺንጋው ሳይነካ መብራቱን ብቻ ማጥፋት ደግሞ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ትንሽ ብሎን ቦታ እንደ መቀየር ቀላል ነው። መብራት አልበራም ብላችሁ አትተኙ፤ ሽፋኑን አስከፍታችሁ ቺንጋውን በዓይናችሁ እዩት።

የተሰበረውን ቫልቭ ይዤ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመልሼ ነበር። «ጋሼ፣ እኛ ጋ ለመሠራቱ ማስረጃ አለዎት?» አለኝ፣ በትሕትና። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለተጎዳ ሸማች ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ እኔ ግን በእጄ ያለው ማኅተም የሌለው የደብተር ቅጠል ነው። መኪናው እስከ ዛሬ ቃሊቲ ቆሟል፤ ረዳቴም ሌላ ታክሲ ላይ ገብቷል።